የሚነዝረው ምሰሶ

እኔ ባንታምላክ በዕድሜዬ አንድ ጊዜ እውነት ተናግሬ ነበር፤ አልበጀኝም። ከዚያ በፊት ስዋሽ ሰው ሁሉ ያምነኝ ነበር። የራሃድ ወንዝ አዞ ሐሙስ ሐሙስ ጥርሱ ይደነዝዛል ብዬ ሦስት የመተማ ጎረምሶች ሐሙስን ጠብቀው ሲዋኙ ውለዋል። ሰሊጥ በጨረቃ ከታጨደ ዘይቱ ይበዛል ብዬ አንድ የእርሻ ካምቦ ሙሉ ሠራተኛ ማጭዱን ይዞ አድሯል። ይህን ሁሉ ያመነ ሕዝብ፣ «ይህ ብረት ኮረንቲ አለበት፣ አትንኩት፣ ይገድላችኋል» ብዬ ብነግረው ሳቀብኝ። እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ነገሩ የሆነው እዚሁ ሱዳን፣ መፋዛ ነው። ከጎንደርና ከመተማ ቆላ ለአረምና ለአጨዳ መጥተን በዚያው የቀረን ሰዎች፣ ከከተማው ጫፍ፣ ከኸድር ወፍጮ ጀርባ፣ በቆርቆሮ የተሠራች ቤተ ጸሎት አለችን። ግቢዋ በእሾህ ታጥሯል። አጥሩ በር ላይ ጫማ ይወልቃል፤ ከዚያ ወዲያ ሁሉም በባዶ እግሩ ነው። ቄስ ከገዳሪፍ ከተማ የሚመጡልን ለትልልቅ በዓል ብቻ ነው። በሌላው ቀን የማኅበሩ ሰብሳቢ አያ አንዳርጌ ያስጸልዩናል፣ ያስታርቁናል፣ ከሁሉ ይበልጥ ደግሞ ይቆጡናል።

ሰኔ ሲገባ ግቢው እባብ በእባብ ሆነ። የሠርክ ጸሎት ላይ ሰው ዓይኑን ወደ ሰማይ ትቶ እግሩ ሥር ያይ ጀመር። በዚህ መሀል አንድ የሰሊጥ ነጋዴ ጦርነቱን ሸሽቶ ወደ ግብፅ ሲሄድ የመጋዘኑን ባውዛ ለማኅበራችን ተወልን። ባውዛ ስላችሁ የመኪና እንዳይመስላችሁ። አምስት መቶ ዋት ነው። ፊቱ የገበታ ያህል ይሰፋል፤ ጀርባው እንደ ዓሣ አጥንት በተደረደረ ብረት ተሸፍኗል፤ የሚሸከመው ሁለት ሰው ነው።

«ማን ይስቀለው?» ሲባል እጄን አወጣሁ። እስከ አራተኛ ክፍል ተምሬያለሁ፤ አምስተኛን በመስኮት አይቼዋለሁ። ገዳሪፍ ከተማ ደግሞ ለአንድ የመብራት ሠራተኛ ሁለት ሳምንት መሰላል ይዤለታለሁ። መሰላሉን ያዝኩ እንጂ ሰውየው ላይ ሆኖ ምን እንደሚሠራ ቀና ብዬ አላየሁም፤ ይህን ግን ለማንም አልነገርኩም።

ከካርቶኑ ውስጥ ወረቀት ወጣ። ጽሑፉ የቻይና ነው። ሥዕል መቼም ማንም ያነባል ብዬ ተቀመጥኩ። አንዱ ሥዕል ላይ አንድ ሰው እጅና እግሩን አንፈራግጧል፤ አጠገቡ መብረቅ አለ። እስክስታ ነው አልኩ፤ መብራቱ ሲበራ ደስ ይላችኋል ማለት ነው። ሌላው ሥዕል ላይ አንድ መስመር ወደ ታች ይወርድና ከሥሩ ሦስት አግዳሚ መስመሮች አሉ። መጥረጊያ ይመስላል። ሰቅላችሁ ስትጨርሱ ግቢውን ጥረጉ ማለት ነው ብዬ ሚስቴን ትሁትን አስጠረግኳት።

ሽቦው ሦስት ነው፦ ቡናማ፣ ሰማያዊና ቢጫ ከአረንጓዴ የተዥጎረጎረ። በሁለቱ ሞከርኩት፤ በራ። ሦስተኛው ትርፍ ነው ማለት ነው። ደግሞ እንዴት ያምራል! ቆረጥኩና ሰባት ዙር ጠምዝዤ ለትሁት አምባር ሠራሁላት። ሽቦው ወደ ውስጥ በሚገባበት ቀዳዳ ዙሪያ ጎሚኒ የሚሉት ጥቁር የጎማ ቀለበት ነበር፤ እሱንም አወጣሁት። ከሌላ ጎማ ጋር ቀጥዬ፣ ዓይን ስዬለት፣ እባብ አደረግኩትና የአያ አንዳርጌ የጸሎት መጽሐፍ ከረጢት ውስጥ ጨመርኩት። አያ አንዳርጌ የዚያን ዕለት የዘለሉትን የለካ ሰው የለም እንጂ፣ ወደ ላይ ሲወጡ የኸድርን ወፍጮ ጣራ አይተው ዝገቱን ነግረውታል።

ምሰሶው ከፈረሰ የውኃ ታንከር የተረፈ ወፍራም የብረት ቱቦ ነው። መስመሩን ከወፍጮ ቤቱ ሳብን፤ ማብሪያው እዚያው ኸድር ዘንድ ነው። ኸድር ደግ ሱዳናዊ ነው፤ ወፍጮውን ዘግቶ ወደ ቤቱ ሲሄድ ያበራልናል። የመጀመሪያው ማታ ባውዛውን ወደ መንገድ አዙሬው ስለነበር፣ የማሽላ ሎሪ የሚነዳ ሰው ዓይኑ ጨለመበትና ቦይ ገባ። በማግሥቱ አጎነበስኩት። ከዚያ በኋላ ግን ምን ልበላችሁ! የእማማ ሸጊቱ ዶሮ በየማታው ነጋ እያለች በቀን ሁለቴ ትጥል ጀመር። መተማ ዮሐንስ ላይ ሁለት ጨረቃ ወጣች ተብሎ ሰው ንስሐ ገብቷል።

አንድ ማታ ካፊያ ጥሎ አባራ። እማማ ሸጊቱ፣ የሠፈራችንን ልጅ ሁሉ ያዋለዱት አሮጊት፣ ከጸሎት ሲወጡ አዳለጣቸውና ምሰሶውን ያዝ አደረጉት።

«እሰይ! እሰይ!» ብለው ጮኹ። «ነዘረኝ! ክንዴን ነዘረኝ! ቁርጥማቴ ለቀቀኝ!»

ሰው ተንጋጋ። አንዱ ነካ፣ ነዘረው። ሌላው ነካ፣ ነዘረው። እኔም በባዶ እግሬ ነካሁት፤ ጉንዳን ከጣቴ ተነሥቶ እስከ ክርኔ የሚሄድ መሰለኝ። ምን እንደሆነ አላወቅኩም። አለማወቄን ደብቄ ዝም ብል ምን ነበረበት? ግን የቆመ ሰው ካየሁ ምላሴ አያርፍም።

«የዚህን ብረት ዘር አታውቁም እንዴ?» አልኩ። «እናቱ ጎንደር ውስጥ የቀለጠች ደወል ናት። ጣልያን አቅልጦ ቱቦ አደረጋት። ድምጿ ግን ውስጡ ቀርቷል፤ የሚነዝራችሁ እሱ ነው።»

እልልታው ወፍጮ ቤት ተሰማ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰው በሩን ከተሳለመ በኋላ ምሰሶውን ይሳለም ጀመር። ወገቡን የሚያመው ወገቡን፣ ራሱን የሚያመው ግንባሩን ያስነካል። አያ አንዳርጌ ተራ አስያዥ ሆኑ። እኔ አጥር ሥር ተቀምጬ ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር።

ሳቄ ያለቀው ኸድር ወፍጮ ቤት ነው። ማሽላ ላስፈጭ ሄጄ፣ ተራ ስጠብቅ፣ የወፍጮው ሞተር ጎን ላይ ያ መጥረጊያ ተሥሎ አየሁ። ከሥሩ ቢጫና አረንጓዴ ሽቦ ወጥቶ መሬት ውስጥ ይገባል።

«ኸድር፣ ይሄ መጥረጊያ ምንድን ነው?»

«መጥረጊያ? ያ ዞል፣ አንተ ሰው!» አለ፤ በእኛ ሠራተኛ መሀል ስላደገ አማርኛውን እንደ ውኃ ይጠጣዋል። «እሱ የመሬት ሽቦ ነው። ኮረንቲው ከመንገዱ ከወጣና ብረት ከነካ፣ በዚህ ወርዶ መሬት ይገባል፤ ብሬከሩም ወርዶ ኮረንቲውን ይቆርጠዋል። እሱ ከሌለ በአንተ በኩል ነው መሬት የሚገባው። ኸሽም ኤል ቂርባ ከተማ፣ በወንድሜ ወፍጮ ቤት አንዱ ይህን ሽቦ ቆርጦ የፍየል ገመድ አደረገው። ሠራተኛው ወለል አጥቦ፣ በእርጥብ እግሩ ቆሞ ሞተሩን ነካ፤ ኸላስ፣ አለቀ። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር።»

የማሽላ ጆንያዬን እዚያው ረሳሁት። የፍየል ገመድ! እኔ አምባር ነው ያደረግኩት።

ሮጬ ግቢ ደረስኩ። አያ አንዳርጌ አሥር ያህል ሰው ሰብስበው ስለ ሐምሌ ገብርኤል ዝግጅት ይማከራሉ። ስለ ሥዕሉ፣ ስለ መሬት ሽቦው፣ ስለ ሟቹ ባንድ ትንፋሽ ነገርኳቸው፤ ሽቦውን የቆረጥኩት እኔ መሆኔን ብቻ ዋጥኩት።  ስጨርስ አንዱ በሳቅ ፈነዳ፤ ሁሉም ሳቁ።

«ባንቴ፣ ይቺኛዋ ከአዞዋ ትበልጣለች» አለ አንዱ።

«እውነቴን ነው!»

«ደወሏስ?» አሉ አያ አንዳርጌ። «ደወሏን ማን ነገረን?»

«እሷ ውሸት ናት!»

«አየህ?» ብለው ወደ ሰዉ ዞሩ። «ዛሬ ጠዋት ምኑን በልቶ እንደሆነ እንጃ፣ የራሱን ቃል ያፈርሳል።»

ላሳያችሁ አልኩ። ከኸድር የጎማ ቦቲ ተዋስኩና ሲመሽ፣ መብራቱ ሲበራ፣ እሱን አጥልቄ ገባሁ። ምሰሶውን በሁለት እጄ አቀፍኩት። «ይኸው! ምንም አይነዝረኝም! ጎማው ስለከለለኝ ነው! ጸጋ ቢሆን ኖሮ ጎማ ይከለክለው ነበር?» አልኩ።

አያ አንዳርጌ ቦቲዬን አዩ። ሰዉም አየ።

«ጫማ አድርገህ በቅዱስ ስፍራ ቆመህ፣ ይነዝረኛል ብለህ ነው?» አሉኝ። «ሙሴም ጫማህን አውልቅ ተብሏል እኮ! አንተ ማነህና!»

ይህን አራተኛ ክፍል ላይ አላስተማሩኝም። ሰዉ «እውነትም! እውነትም!» አለ። እስከዚያ ድረስ ይጠራጠሩ የነበሩ ሁለት ሰዎች እንኳ የዚያን ማታ ጫማቸውን አውልቀው ተሳለሙ። ማስረጃዬን ይዤ መጥቼ ማስረጃዬን ቀምተውኝ ሄዱ።

ቴስተር አመጣሁ፤ ያቺን ኮረንቲ ስትነካ የምትበራ ካቻቪቴ። ምሰሶውን አስነካኋት፤ ቦግ አለች። «አያችሁ?» አልኩ። እማማ ሸጊቱ እጃቸውን ዘረጉና «እሰይ የኔ ጌታ! ብረቱ እንኳ ይመሰክራል!» ብለው ቴስተሯን ሳሟት።

በሦስተኛው ቀን ከባድ ዝናብ ጣለ። ጥቁሩ አፈር ጭቃ ሆነ። ማታ፣ ባውዛው በርቶ ሳለ፣ ካሮ የሚሉትን የውኃ ጋሪ የሚጎትት አህያ በክፍት በር ገብቶ ጎኑን ምሰሶው ላይ ሊያክ ቢጠጋ፣ አራት እግሩ ባንድ ጊዜ ከዳውና ተዘረረ። ከነካሮው። ከነበርሜሉ። ቆይቶ ተንፈራግጦ ተነሣና እየሮጠ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ያን መንገድ በዱላም አይሄደውም። እኔ ደስ አለኝ፤ በአህያው ሳይሆን አሁንስ ያምኑኛል ብዬ።

«አህያ ከቅዱስ ስፍራ ምን ሊሠራ ገባ?» አሉ አያ አንዳርጌ። በሩ ላይ ሁለት ጎረምሶች በዱላ አቆሙ። አህያ እንዳይገባ፣ እኔም ፒንሳ ይዤ እንዳልገባ።

ይሄ ሁሉ ሲሆን ቢያንስ ቤቴ ውስጥ የሚሰማኝ ሰው አለ እል ነበር።

ትሁት ሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ከዚህ በፊት ሁለቴ አርግዛ ሁለቴም ስድስተኛው ወር ላይ አስወርዷታል። ስለዚህ ሰባተኛ ወር ማለት ለእኛ ያልረገጥነው አገር ነው። እሷ ቀስ ብላ ነው የምትቀመጠው፣ ቀስ ብላ ነው የምታስነጥሰው። አንድ ከሰዓት ነጠላዋን ስታጥብ አገኘኋት።

«ለገብርኤል ነው» አለችኝ። «እማማ ሸጊቱ፣ በዋዜማው ሆድሽን ከምሰሶው ጋር አስደግፈሽ ትቆሚያለሽ ብለውኛል። በስመ አብ እስኪደገም። ነዝሮ የነካውን ልጅ ሞት አይደፍረውም አሉኝ።»

አጠገቧ ቁጭ አልኩ።

«ትሁት፣ ስሚኝ። ያ ምሰሶ ይገድልሻል። ኮረንቲ ነው። ጭቃ ላይ በባዶ እግርሽ ቆመሽ በሆድሽ...»

«ጀመረህ።»

«በእናቴ ሞት!»

«እናትህ ደህና ናቸው። ባለፈው ሞተዋል ብለህ ካምቦው ሙሉ አስለቅሰህ ንፍሮ በልተሃል።» ነጠላዋን ጨመቀችው። «ባንቴ፣ ስንጋባ ጎንደር ፎቅ አለኝ ብለኸኛል። እሺ ብዬ ስቄ አለፍኩ። እባብ አልጋዬ ውስጥ ከተህ ስቀሃል። ስቄ አለፍኩ። በዚህ ግን አትቀልድብኝ። በዚህ አንድ ነገር አትቀልድብኝ።»

ዓይኗ ውኃ ሞላ።  ሰው ውሸቱን ሁሉ እንደ ማገዶ ቀድሞ ከጨረሰ እውነቱን በምን ያበስለዋል?

ወደ ኸድር ሮጥኩ። «የዋዜማው ዕለት መብራቱን አታብራ» አልኩት።

«ማሌሽ፣ ይቅርታ ባንቴ» አለ፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። «እኔ ሙስሊም ነኝ። በበዓላችሁ ዋዜማ መብራት ካጠፋሁ ነገ ምን ይባላል? ኸድር አጠፋብን ይባላል። አንተ ሰዎችህን አሳምን፤ እነሱ አጥፋ ይበሉኝ፣ ወላሂ አሁኑኑ አጠፋለሁ።»

«አያምኑኝም እኮ!»

«እኔም ኮረንቲን ባላውቅ ኖሮ አላምንህም ነበር» አለኝ።

የገዳሪፍ ቄስ ጋ ልደውል አልኩ፤ ኔትወርክ ከጠፋ ሁለት ሳምንቱ ነው። በእግር ልሂድ አልኩ፤ ዝናቡ መንገዱን በልቶታል። ዋዜማው ነገ ነው። ምን ቀረኝ?

ያው የማውቀው ሙያ ቀረኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ፊቴን አክብጄ ግቢው በር ላይ ቆምኩ፤ ዝም አልኩ። እኔ ዝም ስል ሰው ይደነግጣል።

«ምን ሆነሃል?» አሉ አያ አንዳርጌ።

«ምንም። ልንገርዎትም አልችል፤ አያምኑኝም።»

«ተናገር!»

«ከወንዝ ማዶ ያሉት የካምቦ ሰዎች ስለ ምሰሷችን ሰምተዋል። ደወሏ ለእኛም ድርሻ አላት ብለዋል። ዛሬ ማታ በወንዙ ሥር ሽቦ ቀብረው ንዝረቱን ወደነሱ ሊስቡት ነው። አንድ አዋቂ አግኝተዋል።»

ሐምሌ ላይ በሚያጥለቀልቅ የራሃድ ወንዝ ሥር ሽቦ! ዓይናቸው እንኳ አልተርገበገበም።

«ምን ይሻላል?» አሉኝ። እኔን! ሲያባርሩኝ የነበሩት ሰውዬ እኔን ምን ይሻላል አሉኝ!

«መከላከያው አንድ ነው። ከሥሩ የሁለት ሜትር ብረት መሬት ውስጥ ተቀብሮ፣ ጨውና ከሰል ተጨምሮበት፣ ከምሰሶው ጋር በሽቦ ከታሰረ ማንም ነቅሎ አይወስደውም።» ይህን ጨውና ከሰል ከኸድር ነው የሰማሁት፤ ከዚህ ንግግር ውስጥ እውነቱ እሱ ብቻ ነው።

ወንድሞቼ፣ ለእውነቱ አንድ አካፋ ያላበደረኝ ሕዝብ ለውሸቱ አርባ ሰው ሆኖ ቆፈረ። ሴቶቹ ከየቤታቸው ጨው አመጡ። ሁለቱ ዱላ ያዦች በመዶሻ ተፈራርቀው የብረቱን ዘንግ ወደ ጥቁሩ አፈር መቱት። እማማ ሸጊቱ «አጥብቁት! እነዚያ ሌቦች!» እያሉ ያበረታታሉ። እኔ ከጎን ቆሜ ጥርሴን አፋጭቻለሁ። መሳቅ ነበረብኝ፤ አልቻልኩም። ማልቀስ ነው የመጣብኝ።

ሲጨርሱ «ሽቦውስ?» አሉኝ።

ሽቦው! ወፍራም የመዳብ ሽቦ በከተማው የለም። ኸድር የለውም። ያለው አንድ ቦታ ነው።

ትሁት ደጃፍ ላይ ሽንኩርት ትከትፋለች። አምባሩ ክንዷ ላይ ነው።

«አምባሩን ስጪኝ።»

«ለምን?»

ልዋሻት አፌን ከፈትኩ። የሚያምር ውሸት ነበረኝ። ግን «ይህ ሽቦ የመብራቱ ነው» አልኳት። «ኮረንቲውን ወደ መሬት የሚያወርደው እሱ ነበር። ትርፍ መስሎኝ ቆረጥኩት። የጎማውን እባብም የሠራሁት ሽቦው ብረት እንዳይነካ ከሚከልለው ጎማ ነው። ሰዉን የሚነዝረው በእኔ ጥፋት ነው። ማንም አያውቅም። አንቺ ብቻ።»

 ያመነችኝ ይሁን የሰለቻት ይሁን አላውቅም። አምባሩን አወለቀችና ሽንኩርቱ መሀል ጣለችው።

«ማታ እሄዳለሁ» አለች። «ውሰደው፣ ግን እሄዳለሁ።»

ሰባቱን ዙር ፈታሁ። አንዱን ጫፍ ከምሰሶው፣ ሌላውን ከተቀበረው ብረት ጋር በብሎን አጥብቄ አሰርኩ። ሰው ሁሉ አጨበጨበልኝ።

ሊመሽ ሲል ግቢው ሞላ። ትሁት ነጠላዋን አጣፍታ፣ በባዶ እግሯ፣ እማማ ሸጊቱ ክንዷን ይዘዋት ከምሰሶው ሦስት እርምጃ ላይ ቆማለች። ኸድር ማብሪያውን ጫነ።

ባውዛው ብልጭ አለና ጠፋ። ከወፍጮ ቤቱ «ቷ!» የሚል ተሰማ። ኸድር ደግሞ ሞከረ። ብልጭ፣ «ቷ!»፣ ጨለማ። ብሬከሩ እየወረደ ነው። ሥራውን ሠራ! የመሬት ሽቦው ኮረንቲውን ይዞታል! ብቻዬን ዘለልኩ።

ሌላው ሰው ግን አልዘለለም።

«ባንታምላክ!» አሉ አያ አንዳርጌ። «ምን አደረግህ? በገብርኤል ዋዜማ አጨለምክብን!»

«እዩት፣ ከማዶዎቹ ጋር ተማክሮ ነው!» አለ አንዱ ዱላ ያዥ። ይኸው፣ የራሴ ውሸት ዞራ መጥታ ያዘችኝ።

«ላይ ወጥቼ ካልሠራሁት አይበራም!» ብዬ ጮህኩ። «መብራት ትፈልጋላችሁ ወይስ አትፈልጉም?»

በጨለማው የግቢው እባብ ትዝ ብሏቸው ይሁን ምን ይሁን፣ ፈቀዱልኝ። ኸድርን ማብሪያውን እንዲያወርድና ሣጥኑን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ እንዲከት አስማልኩት። ቦቲውን አጠለቅኩ። «ጫማ! ጫማ!» ብለው እግሬን ሲጎትቱ መሰላሉን ወጣሁ። አንዱ ቦቲ በእጃቸው ቀረ። በአንድ ቦቲና በአንድ ባዶ እግር፣ ባትሪ በጥርሴ ነክሼ፣ ክዳኑን ፈታሁ። እንዳሰብኩት ነው፤ ጎሚኒው በሌለበት ቀዳዳ ላይ የብረቱ ጠርዝ ቡናማውን ሽቦ ልጦታል፣ መዳቡ ብረቱ ላይ ተኝቷል። በናስትሮ ጠቅልዬ፣ ከቦቲው አፍ ላይ ጎማ ቆርጬ በቀዳዳው ዙሪያ አለበስኩት። ወረድኩ። ኸድር አበራ።

ግቢው ቀን ሆነ። ቴስተሯን አስነካሁ፤ አልበራችም። እልል ተባለ። እልልታው ሳያልቅ እማማ ሸጊቱ ምሰሶውን ነኩት። ጠበቁ። ሌላውን እጃቸውን ጨመሩ።

«የለም» አሉ። «ሄዷል።»

ሁሉም እየተራኮተ ነካ። የለም። አርባ ጥንድ ዓይን ወደ እኔ ዞረ።

ትሁት ግን ማንንም ሳትሰማ ተጠጋች። ነጠላዋን ገልጣ ሆዷን ብረቱ ላይ አስደገፈች። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቷ ይደርሳል። እኔ ሁሉን አስሬ፣ ሁሉን ሞክሬ፣ አውቄው ሳለ፣ ቴስተሯን እንደገና ምሰሶው ላይ አስነካሁ። ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች። ስትጠብቅ፣ ስትጠብቅ ቆየችና ዓይኗን ገለጠች። ዞር ብላ አየችኝ።

«ምንም የለም፣ ባንቴ» አለች። «ይህችንም ወሰድክብኝ?»

ከሞት አትርፌሻለሁ አላልኩም። ማን ያምነኛል?

አያ አንዳርጌ በማግሥቱ ፈረዱብኝ፦ ባንታምላክ ከምሰሶው አሥር ክንድ እንዳይጠጋ። ቄሱ ከሁለት ቀን በኋላ ጭቃ በጭቃ ሆነው ደርሰው፣ ነገሩን ሰምተው፣ «ልጆቼ፣ ብረት አትሳለሙ» አሉ። ሁሉም «ይሁን አባታችን» አለ። እሳቸው ሲሄዱ አያ አንዳርጌ ከወፍጮው ጀርባ ጠሩኝና ዙሪያቸውን አይተው፣ «ለወገቤ ነው» አሉኝ በሹክሹክታ፤ «ትንሽ እንዲነዝር ብቻ... አይቻልም?»

ትሁት መስከረምን ሳትስቅ ጀመረችው። በመስቀል ሰሞን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ምጧ መጣ። እማማ ሸጊቱ ገብተው በሩን ዘጉብኝ። ስንት ሰዓት እንደሆነ አላውቅም፤ ብቻ የሕፃን ድምፅ ሰማሁ። ደህና፣ ወፍራም፣ የተናደደ ድምፅ። «ሴት ናት፣ ሁለቱም ደህና ናቸው!» አሉ እማማ ሸጊቱ ከውስጥ። እንደ እብድ ሮጬ ግቢው በር ላይ ቆምኩ።

«ትሁት ወለደች! ሴት ልጅ! ደህና ናቸው!»

ሰሊጥ ለማጨድ ማጭድ የሚስሉ ሰዎች ቀና አሉ።

«ይሄ ደግሞ ጀመረው» አለ አንዱ፤ ወደ ማጭዱ ተመለሰ።

«እውነቴን ነው!»

«እሷም እንደ ደወሏ ትሆናለች» አለ ሌላው። ማንም አልተነሣም።

ከኋላዬ እማማ ሸጊቱ እጃቸውን በነጠላ እየጠረጉ መጡና ሦስት ጊዜ እልል አሉ። ያኔ ማጭዱ ሁሉ ተጣለ። አያ አንዳርጌ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ።

«አሁን ገባኝ!» አሉ። «ምሰሶው ለምን እንደደከመ አሁን ገባኝ! ያን ማታ ሆዷን ስታስደግፍ፣ ያለውን ሁሉ ለሕፃኗ ሰጥቶ ነው!»

«እውነትም! እውነትም!» አለ ሕዝቡ።

ትሁትም ነገሩን ከአልጋዋ ሆና ሰማች። ከሐምሌ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ሳቋን አይቼ «ኧረ እኔ ነኝ...» ልል አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት።

ማታ አሥር ክንዱን ጥሼ ወደ ምሰሶው ሄድኩ። ጫማዬን በር ላይ አውልቄያለሁ። እግሬ እርጥብ መሬት ላይ ነው፤ ባውዛው ከላዬ ይነድዳል። በሁለት እጄ አጥብቄ ያዝኩትና ይነዝረኝ እንደሆነ ጠበቅኩ።

ዝም።